በሽተኛውን ፍለጋ

በ1971 ኢትዮጵያ ለዓለም ጤና ድርጅት ያሳወቀችው የፈንጣጣ ሕሙማን ቁጥር 26,329 ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የላከቻቸው ሪፖርቶች ግን በዓመት ከጥቂት መቶዎች አያልፉም። በዚያ ዓመት በመላው ዓለም ከተመዘገበው ፈንጣጣ ግማሽ ያህሉ የእኛ ሆኖ ተገኘ። ሰንጠረዡን ከሩቅ ያየ ሰው አገሪቱ ላይ መዓት ወርዷል ቢል አይፈረድበትም። የወረደ መዓት ግን አልነበረም። በሽታው እንደ ወትሮው ነበር፤ አዲስ ነገር ቢኖር የሚቆጥረው ሰው መምጣቱ ብቻ ነው። (በዚህ ምዕራፍ ዓመታቱን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ የዘመቻው መዛግብት የሚጠቀሙት በእሱ ስለሆነ።)

አንድ የጤና ፕሮግራም በመጀመሪያው ዓመቱ የበሽተኛውን ቁጥር ብዙ እጥፍ አሳድጎ ሲያበቃ ሥራው ሰምሯል መባሉ ግራ ያጋባል። በጀት ለሚፈቅድ ባለሥልጣን ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። ዛሬም ቢሆን ብዙ የኩፍኝ በሽተኛ ፈልጎ ያገኘ ጤና ጣቢያ ከመመስገን ይልቅ መገምገም የሚደርስበት ይመስለኛል። የዚህ ምዕራፍ ባለታሪክ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተከራከሩት ለዚያ ቁጥር ነው። ያላየኸውን በሽታ አታጠፋውም፤ ለማየት ደግሞ እሱ ወዳለበት መሄድ ያስፈልጋል።

ዶክተር ሲሮ ደ ኳድሮስ ብራዚላዊ ናቸው። በ1940 ሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል በተባለችው ደቡባዊ ግዛት ሪዮ ፓርዶ ከተማ ተወለዱ፤ ፖርቶ አሌግሬ ውስጥ ሕክምና አጥንተው በ1966 ተመረቁ። ከተማ ውስጥ ክሊኒክ ከፍተው ደህና ኑሮ መኖር ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን አማዞን ውስጥ አልታሚራ ወደምትባል ቦታ ሄደው የጤና ጣቢያ ኃላፊ ሆኑ። ቀጥሎ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ የሕዝብ ጤና ተማሩ፤ ከዚያ ፓራና ወደተባለችው ግዛት ተልከው የፈንጣጣ ቅኝት አደራጁ። ኢትዮጵያ የመጡት በ1970 ነው፤ ዕድሜያቸው 30፣ ሥራቸው የዓለም ጤና ድርጅት የፈንጣጣ ማጥፋት ፕሮግራም ዋና ኤፒዲሚዮሎጂስት። እስከ 1976 እዚሁ ቆዩ።

በፓራና ያዩትን ነገር ለመረዳት ያን ጊዜ ፈንጣጣን ለማጥፋት የተያዘውን ዕቅድ ማወቅ ይጠይቃል። ዕቅዱ ለመናገር ቀላል ነበር፤ ከየአገሩ ሕዝብ ቢያንስ 80 በመቶውን መክተብ። ችግሩ የቀረው 20 በመቶ ነው። ያ ሃያ በመቶ በየቦታው ተበትኖ የሚኖር አይደለም፤ መንገድ በሌለበት ሸለቆ፣ ከታቢ ባልደረሰበት ቀበሌ፣ ከተማ ጥግ ባለ የድሆች ሰፈር ተከማችቶ ይገኛል። በሽታውም የሚኖረው እዚያ ነው። የተከታቢው ቁጥር በየወሩ ሲያድግ፣ ሪፖርቱ ሲያምር፣ ፈንጣጣ ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

ሌላ መንገድ እንዳለ መጀመሪያ በተግባር የታየው በ1966 መጨረሻ ምሥራቅ ናይጄሪያ ውስጥ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ፌጊ ወረርሽኝ ገጥሟቸው ለሁሉ የሚበቃ ክትባት በእጃቸው አልነበረም። ያለችውን ጥቂት ክትባት በሽተኛ ባለባቸው መንደሮችና በሽታው ቀጥሎ ሊሄድባቸው በሚችሉት አካባቢዎች ብቻ ተጠቀሙባት፤ ወረርሽኙም ቆመ። ፌጊ በወጣትነታቸው የደን እሳት ማጥፋት ሥራ ሠርተዋል። ሰደድ እሳት የሚያጠፋ ሰው ተራራውን ሁሉ ውኃ አያርከፈክፍም፤ ከነበልባሉ ፊት ያለውን ሣር ያጭዳል እንጂ። ደ ኳድሮስም በፓራና ይህንኑ መንገድ ተከትለው ሠሩ። እዚያ የጤና ተቋማት ከሚያሳውቁት በሽተኛ እጅግ የሚበልጠው ሳይመዘገብ የሚቀር መሆኑን፣ ተፈልጎ ሲገኝና ዙሪያው ሲከተብ ደግሞ ወረርሽኙ ባለበት እንደሚከስም አዩ።

ይህ መንገድ ለምን ሠራ? መልሱ ያለው በራሱ በፈንጣጣ ጠባይ ውስጥ ነው። ቫይረሱ ከሰው በቀር መኖሪያ የለውም። እንደ ቢጫ ወባ ጫካ ውስጥ ዝንጀሮ ላይ ተደብቆ አይጠብቅም፤ እንደ ወባም ትንኝ አይሻም። ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ሕመሙ እስኪጀምር ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ በእነዚያ ቀናት ሰውየው ለማንም አያስተላልፍም። ከዚያ ትኩሳትና የወገብ ቁርጥማት ይጥለዋል፤ ቀጥሎ ፊቱ፣ እጁና እግሩ ሽፍ ይላል። ሽፍታው ውኃ ይቋጥራል፣ ይመግላል፣ ይደርቅና ይረግፋል፤ የዳነው ሰው ጠባሳውን ይዞ ይኖራል፣ ዳግመኛ ግን አይያዝም። የሚይዘው በአብዛኛው ፊት ለፊት በሚወጣ ትንፋሽ ነው፤ ስለዚህ የሚያጠቃው አብሮ የሚተኛውን፣ የሚያስታምመውን፣ ሊጠይቅ የመጣውን ዘመድ ነው። በዚህ ላይ ክትባቱ ቫይረሱ ከገባ በኋላም ቢሆን በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ከተሰጠ ይከላከላል።

እነዚህን አንድ ላይ ሲያስቀምጧቸው ሥራው መልኩን ይለውጣል። 25 ሚሊዮን ሕዝብ ባንድ ጊዜ መክተብ አያስፈልግም። የታመመውን ማግኘት፣ ቤተሰቡንና ጎረቤቱን፣ በታመመበት ወቅት የጠየቁትን ሁሉ መዝግቦ መክተብ፣ ከዚያ እሱን ራሱን ማን እንዳስያዘው ጠይቆ ዱካውን ወደኋላ መከተል ነው። ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ የሚሄደው ሰንሰለት አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ቫይረሱ የሚሄድበት አያገኝም።

ሰንሰለቱ የሚበጠስበት መሣሪያ አንዲት ትንሽ መርፌ ነበረች። ቤንጃሚን ሩቢን የተባለ ዋይዝ የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ተመራማሪ ያወጣት ናት፤ ኩባንያው ለዘመቻው ያለ ክፍያ እንድትሠራ ፈቀደ። የብረት ዘንግ ናት፣ ከጣት አትረዝምም፣ ጫፏ እንደ ሹካ ለሁለት ተከፍሏል። ክትባቱ ብልቃጥ ውስጥ ደርቆ ይመጣል፤ በተዘጋጀለት ፈሳሽ ይበጠበጣል። መርፌዋ ስትነከር በሁለቱ ጥርሶቿ መካከል አንዲት ጠብታ ይዛ ትወጣለች፤ ለአንድ ሰው ያቺው ትበቃለች። ከታቢው የልጁን ክንድ ወጠር አድርጎ ይይዝና አንዲት ጠባብ ቦታ ላይ 15 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይወጋጋል። ትንሽ ደም ብቅ ካላለ በደንብ አልተወጋም ማለት ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቦታው ያብጣል፣ ይመግላል፣ ቅርፊት ይይዛል፤ ቅርፊቱ ሲወድቅ ክብ ጠባሳ ይቀራል። ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ ብዙ ሰዎች ክንዳቸውን ገልጠው ሊያሳዩን ይችላሉ። ይህን ለመልመድ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ማንበብ የማይችል ሰውም በአጭር ጊዜ ይለምደዋል። የደረቀው ክትባት ደግሞ በ37 ዲግሪ ሙቀት አንድ ወር ሳይበላሽ ይቆያል፤ በበቅሎ ተጭኖ ያለ ማቀዝቀዣ ቆላ መውረድ ይችላል። እንግሊዝ አገር በሊስተር ተቋም ዘዴውን ያበጀው ሌስሊ ኮሊየር ባይኖር ኖሮ መርፌዋ ብቻዋን ብዙ ባልፈየደች።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ኢትዮጵያ ዘመቻውን ከጀመሩት አገሮች መጨረሻ አካባቢ ናት። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ቀልብ ያን ጊዜ ወባ ላይ ነበር፤ ገንዘቡም ሰውም ወደዚያ ይሄድ ስለነበር ፈንጣጣ ተጨማሪ ጣጣ መስሎ ታየ። ለነገሩ አያስገርምም። እዚህ ይዛመት የነበረው ፈንጣጣ ቀላሉ ዓይነት ነበር። እስያ ውስጥ የነበረው ከያዛቸው ሰዎች 30 በመቶ ያህሉን ሲገድል የእኛው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢገድል ነው። ወባ ግን መንደር ባዶ ያደርግ ነበር። ፕሮግራሙ በ1971 መጀመሪያ ሲንቀሳቀስ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና አማካሪ ኩርት ቫይታለር የተባሉ ኦስትሪያዊ ሐኪም ነበሩ፤ ደ ኳድሮስ ደግሞ የመስክ ሥራውንና ቅኝቱን ይመሩ ነበር። በእጃቸው ያሉት ሰዎች ብዛት ከአገሩ ስፋት ጋር ሲነጻጸር የሚያስቅ ነበር፤ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ሳኒታሪያኖች፣ ጥቂት የአሜሪካ የሰላም ጓዶች፣ በኋላም የጃፓንና የኦስትሪያ በጎ ፈቃደኞች። ሳኒታሪያን የሚባለው ባለሙያ በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ፍሬ ነው፤ ያ ኮሌጅ ባይኖር ኖሮ ዘመቻው በየትኛው እግሩ እንደሚሄድ አላውቅም።

በዚህ ሰው ብዛት ሁሉን እንክተብ ቢባል አንድ ትውልድ ይፈጃል። እኔ እንደማምነው የኢትዮጵያው ሥራ ለደ ኳድሮስ ትልቁ ትምህርት የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ሌላ አገር ቅኝት ከጅምላ ክትባት ጎን የሚሄድ ረዳት ነበር። እዚህ ከመነሻው ዋናው ሥራ ሆነ፤ ሌላ አማራጭ ስላልነበረ።

ፍለጋው የሚጀምረው ከገበያ ነው። የአብዛኛው ገበሬ ቤት ከመኪና መንገድ የአንድ ቀንና ከዚያም በላይ የእግር ጉዞ ይርቃል፤ በገበያ ቀን ግን ከየጎጡ አንድ ሰው አይታጣም። ሳኒታሪያኑ በፈንጣጣ የታመመ ሕፃን ፎቶ ያለበት ካርድ ይዞ ከእህል ተራ ወደ ከብት ተራ ይዞራል። "እናቴ፣ ፊቱ እንዲህ የሆነ ልጅ በእናንተ አገር አለ?" "አለ እንጂ፣ ከወንዙ ማዶ።" "መቼ ጀመረው?" የገበሬው መልስ በቀን ቁጥር አይመጣም፤ ከጊዮርጊስ በፊት፣ ወይም ጤፍ ሲታጨድ ይሆናል። ትምህርት ቤት ያለ እንደሆነ ካርዱ ለተማሪዎች ይታያል፤ ጭቃ ሹሙ የማያውቀውን ወይም ሊያወራ የማይፈልገውን በሽተኛ ልጆቹ በስሙ ይጠሩታል። ከዚያ ጉዞ ነው። ከወንዙ ማዶ የተባለው ቦታ የአንድ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። ወንዙም ክረምት ከሆነ አያሻግርም።

ቦታው ሲደረስ በር የሚዘጋበት ጊዜም ነበር። ጎጃምና ጎንደርን በመሰሉ ደጋ አገሮች ሕዝቡ ፈንጣጣን የሚከላከልበት የራሱ ብልሃት ነበረው። ከበሽተኛ ቁስል መግል ይወሰድና ጤነኛው ክንድ ላይ በጥተው ያስገቡታል፤ ሰውየው ቀለል ያለ ፈንጣጣ ይይዘዋል፣ ከዳነ በኋላ ዕድሜ ልኩን አይነካውም። ይህ ከኤድዋርድ ጄነር በፊት በሕንድ፣ በቻይናና በቱርክም የኖረ ጥበብ ነው፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያ የፈንጣጣን ታሪክ ሲጽፉ በሰፊው አንስተውታል። ገበሬው "እኛማ ተከትበናል" ሲል ትክክል ነው። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው፤ በዚህ መንገድ የሚሰጠው እውነተኛው የፈንጣጣ ቫይረስ ስለሆነ የተከተበው ሰው ላልተከተበው ማስያዝ ይችላል፤ የቆመውን ወረርሽኝ መልሶ የሚቀሰቅሰው አንዳንዴ ይኸው ነበር። በዚህ ጉዳይ የሚጻፉ አንዳንድ የውጭ ዘገባዎች የደጋውን ገበሬ እንቢታ አላዋቂነት አድርገው ያልፉታል። በሽታው እምብዛም የማይገድል፣ መከላከያውም በአያቶቹ እጅ የነበረ ሰው አንድ የማያውቀው የመንግሥት ሠራተኛ መርፌ ይዞ ሲመጣበት ቢጠራጠር ምን ይገርማል?

የዘመቻው መካከለኛ ዓመታት በችግር የተሞሉ ናቸው። ለሩቁ አገር ሄሊኮፕተሮች መጡ፤ አንድ አብራሪ በታጣቂዎች እጅ ወድቆ ማስለቀቂያ ሲጠየቅበት፣ ጭኖት የነበረውን ክትባት አውጥቶ የያዙትን ሰዎች መከተቡ በዘመቻው ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ይወራል። በ1974 አብዮቱ መጣ፤ ሹማምንት ተለወጡ፣ በየአቅጣጫው ጦርነት ተከፈተ። ቁጥሩ ግን መውረዱን አላቆመም። በ1972 ከ17,000 ጥቂት ዝቅ ያለ ነበር፣ በ1973 5,414፣ በ1974 4,439፣ በ1975 3,935፣ በ1976 915። እነዚህን ቁጥሮች ከመጀመሪያው 26,329 ጋር አስተያይቶ ማንበብ ይቻላል፤ ምክንያቱም አሁን የሚቆጥር ሰው አለ። መቁጠር ሳይጀመር የወረደ ቁጥር ምንም አይነግርም።

ደጋው ከጸዳ በኋላ በሽታው ኦጋዴን ውስጥ በአርብቶ አደሮች መካከል ቀረ። እዚያ ዙሪያውን የሚከትቡት መንደር የለም፤ ዛሬ ያገኙት ቤተሰብ ነገ ግመሉን ጭኖ ሄዷል። በኢትዮጵያ መጨረሻ የታወቀው የፈንጣጣ ሕመምተኛ ባሌ ክፍለ ሀገር፣ ኤልከሬ አውራጃ፣ ዲሞ በተባለች መንደር የምትኖር የሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ሽፍታው የወጣባት ነሐሴ 9 ቀን 1976 ነው። በተፈጥሮ መንገድ ከተያዙት የዓለም የመጨረሻው ደግሞ በጥቅምት 1977 ሶማሊያ ውስጥ መርካ ከተማ የተያዘው የሆስፒታል ምግብ አብሳይ አሊ ማው ማሊን ነው። ማሊን ድኖ ብዙ ዓመት ኖረ፤ በኋላ ራሱ የፖሊዮ ክትባት ቀስቃሽ ሆኖ ሲያገለግል በ2013 በወባ ሞተ። ዓለም ከፈንጣጣ ነፃ መሆኗ የታወጀው በግንቦት 1980 ነው። የኢትዮጵያውን ዘመቻ ታሪክ አቶ የማነ ተከስተና ባልደረቦቻቸው ጽፈውት በ1984 ብራዛቪል ውስጥ በዓለም ጤና ድርጅት ታትሟል። ይህን ታሪክ በአማርኛ ለአጠቃላይ አንባቢ የሚተርክ መጽሐፍ ቢኖረን እወዳለሁ።

ደ ኳድሮስ በ1977 ዋሽንግተን ወደሚገኘው የፓን አሜሪካን ጤና ድርጅት ሄደው የክትባት ፕሮግራሙን ያዙ። መጀመሪያ ከሠሯቸው ነገሮች አንዱ ጎልቶ የማይነገር ነው፤ የላቲን አሜሪካ አገሮች ክትባት በየፊናቸው በውድ ከሚገዙ በአንድ ላይ ገዝተው ዋጋ እንዲያስቀንሱ፣ ዕቃውን ከተረከቡ በኋላ እንዲከፍሉ የሚያስችል ተዘዋዋሪ ገንዘብ ተቋቋመ። እንዲህ ያለ ነገር ለአንባቢ አይጥምም፤ ነገር ግን ከብዙ ንግግር የበለጠ ልጅ ያዳነ ይኸው ነው ብዬ አስባለሁ።

በ1985 ድርጅቱ ፖሊዮን ከአሜሪካ አህጉር እስከ 1990 ለማጥፋት ተነሣ። መሪው ደ ኳድሮስ ነበሩ። ፖሊዮ ግን ፈንጣጣ አይደለም። ፈንጣጣ የያዘው ሰው ፊቱ ይናገራል፤ ፖሊዮ ከሚይዛቸው 200 ልጆች ልምሻ የሚመታው አንዱን ያህል ነው፤ ሌሎቹ ትንሽ ትኩሳት ወይም ምንም ሳይታይባቸው ቫይረሱን በሰገራቸው ያስተላልፋሉ። አንድ ሽባ የሆነ ሕፃን ሲገኝ ቫይረሱ መቶዎችን አልፎ ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ዙሪያ መክተብ ብቻውን አይበቃም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ብሔራዊ የክትባት ቀን ተደርጎ ሕፃናት ሁሉ ባንድ ጊዜ እንዲከተቡ ሆነ፤ ቅኝቱ ደግሞ ሌላ ብልሃት ፈለገ።

ብልሃቱ ይኼ ነው። ጤና ጣቢያዎች "ፖሊዮ አይታችኋል?" አይባሉም። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች ሆኖ እግሩ ወይም እጁ ድንገት ልፍስፍስ ያለበትን ልጅ ሁሉ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ እንዲያሳውቁ ይደረጋል፤ ከልጁ የሰገራ ናሙና ሁለት ጊዜ ተወስዶ ላቦራቶሪ ይገባል። በሽተኛ ያልመጣበት ጤና ጣቢያም በየሳምንቱ "ዜሮ" ብሎ ሪፖርት መላክ አለበት፤ ዝም ማለትና ዜሮ ማለት አንድ አይደሉም። ከዚህ ሁሉ ብልህ ሆኖ የማገኘው ግን አንዲት መለኪያ ነች። ፖሊዮ በሌለበት አገርም ከ100,000 ሕፃናት ቢያንስ አንዱ በሌላ ምክንያት በዓመት እንዲህ ያለ ልምሻ ያገኘዋል። አንድ ክፍለ ሀገር ከዚያ በታች ካሳወቀ ፖሊዮ የለም ማለት አይደለም፤ የሚፈልግ የለም ማለት ነው። ፈላጊው በሥራ ላይ መሆኑ የሚታወቀው የማይፈልገውን ነገር ሲያገኝ ነው። አንዳንድ አስተዳዳሪዎች ይህን ለመቀበል ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ዘመቻው በጦርነት መካከልም ሄደ። ኤል ሳልቫዶር ውስጥ ከ1985 ጀምሮ መንግሥትና የፋራቡንዶ ማርቲ ታጣቂዎች በዓመት ሦስት ቀን ውጊያ አቁመው ሕፃናት እንዲከተቡ ተስማሙ፤ ዩኒሴፍና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አስታርቀው ነው። የሰላም ቀናት ተባሉ። ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ በየዓመቱ ተደጋገሙ። በአሜሪካ አህጉር መጨረሻ በዱር ፖሊዮ ሽባ የሆነው ሕፃን ነሐሴ 1991 ፔሩ ውስጥ ፒቻናኪ በምትባል ቦታ ነው የተገኘው፤ በዚያ ጊዜ አካባቢው በሴንዴሮ ሉሚኖሶ ታጣቂዎች ምክንያት ለጉዞ አስጊ ነበር። ዓለም አቀፉ ኮሚሽን አህጉሩ ከፖሊዮ ነፃ መሆኑን ያረጋገጠው በ1994፣ ከሦስት ዓመት ፍለጋ በኋላ ነው። ደ ኳድሮስ ከዚያ ወደ ኩፍኝ ዞሩ፤ ሕፃናትን ሁሉ ባንድ ዙር መክተብ፣ በመደበኛው ክትባት ማስቀጠል፣ ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ የቀሩትን መልሶ መያዝ የሚለው ስልት የተቀመረው በእሳቸው አመራር ነው።

በሚያዝያ 2014 የፓን አሜሪካን ጤና ድርጅት የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ጀግና ብሎ ሰየማቸው። በግንቦት 28 በቆሽት ካንሰር ዋሽንግተን ውስጥ ቤታቸው አረፉ፤ 74 ዓመታቸው ነበር። ክብሩ በሕይወት ሳሉ መድረሱ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ልብ ማለት ይገባል። ክሊኒክ ውስጥ የሚያክም ሐኪም ያዳነው ሰው በር ላይ ቆሞ ያመሰግነዋል፤ ደ ኳድሮስ ያዳኗቸው ግን መዳናቸውን አያውቁም። እኛም ከእነሱ መካከል ነን።

ይህን ስል ሰውየውን ከነቀፋ በላይ ማድረጌ አይደለም። አንድን በሽታ ብቻ ይዞ የሚዘምት ፕሮግራም ከሄደ በኋላ ምን ይተዋል የሚለው ክርክር በእሳቸው ዕድሜ ሙሉ ተከትሏቸዋል። በኢትዮጵያ የፈንጣጣው ሥራ ሲያበቃ ሕፃናት በኩፍኝና በተቅማጥ መሞታቸውን አላቆሙም፤ መደበኛው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1980 ነው፤ በየገጠሩ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለመመደብ የተጀመረው ደግሞ በ2003። ደ ኳድሮስ ለዚህ መልስ አላጡም። በካርል ቴይለር የተመራ ኮሚሽን በ1995 የአሜሪካ አህጉሩን የፖሊዮ ዘመቻ መርምሮ የጤና ሥርዓቱን በአመዛኙ እንዳጠናከረ አስታወቀ። እኔ መልሱ ለላቲን አሜሪካ እንደሚሠራ፣ ለእኛ ግን ግማሽ እንደሆነ አስባለሁ፤ እዚያ ዘመቻው የቆመው ቀድሞ በነበረ የጤና ጣቢያ መረብ ላይ ነው፣ እዚህ ግን መረቡ ራሱ ገና አልተዘረጋም ነበር።

የቅኝቱ ልማድ ግን ቀርቷል። በ2013 ዱር ፖሊዮ ከሶማሊያ ተሻግሮ በሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን ሲገባ የተደረሰበት በዚያው በድንገተኛ ልምሻ ፍለጋ ነው፤ 10 ሕፃናትን ሽባ አድርጎ በ2014 መጀመሪያ ላይ ቆመ። በዚያው ዓመት ደ ኳድሮስ አረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ አህጉር ኩፍኝ በአገሩ ውስጥ መዛመት ማቆሙ ተረጋገጠለት። ብራዚል ግን በ2018 ከቬኔዙዌላ በኩል በገባ ቫይረስ በሮራይማና በአማዞናስ ግዛቶች ወረርሽኝ ተነሥቶባት በ2019 ማረጋገጫዋን ተነጠቀች። መልሳ ያገኘችው በ2024 ነው። ለዚያ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ከ100,000 ሰው በዓመት ቢያንስ ሁለት ኩፍኝ የሚመስል ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አግኝቶ፣ ደማቸውን መርምሮ፣ ኩፍኝ አይደለም ብሎ ማሰናበት ነው።